ኮንስታንዝ ሳንሄድ አንቀርም

ጆሃንስበርግ፣ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ዱካሞ፣

እርስዎን ከቀበርን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስዎት አውቃለሁ። ግን ሳልነግርዎት የቀረ ነገር ስላለ፣ ዛሬ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ልጽፍልዎት ተቀመጥኩ።

ከእርስዎ በፊት ኮንስታንዝ የሚባል ከተማ መኖሩን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ፎርድስበርግ በተከራየነው አዳራሽ፣ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ወንበር እያጠፍን ሳለ ነበር የነገሩን። ከተማው ሐይቅ ዳር፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ነው አሉ። ከሉተር መቶ ዓመት በፊት ያን ሁስ የሚባል ሰባኪ ስለ እምነቱ እዚያ በእሳት ተቃጠለ። «የይለፍ ወረቀት ይዞ እኮ ነው የሄደው፤ በደህና ትመለሳለህ ብለውት» አሉን። እንደ እኛ የስደተኛ ወረቀት ለማሳደስ ተሰልፎ የሚውል ሰው ለዚህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እዚያ ሄደን ለመጸለይ አሥራ አንድ ሆነን ተመዘገብን። እኔን ጸሐፊ አደረጋችሁኝ። መጋቢት ላይ ግን በወረርሽኙ ምክንያት አገሩ ሁሉ ተዘጋ። ሶዌቶ ሱቄ ውስጥ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ዳቦና የሞባይል ካርድ ስሸጥ፣ እርስዎ በየሳምንቱ እየደወሉ «ፊቤ፣ ዝርዝሩን እንዳትጥይው» ይሉኝ ነበር።

ጥር ላይ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ፤ ትንፋሽዎ ይቆራረጥ ነበር።

«ጉዞው አለ?»

«አለ ጋሼ። ሁሉም ተዘጋጅቷል።»

ዋሸሁዎት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ብዙዎቹ ከዝርዝሩ ስለወጡ፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ፣ ጉዞውን ለሚያዘጋጁልን አስጎብኚዎች «ሰርዙልን» ብዬ ጽፌ ነበር። እርስዎ «ተመስገን» አሉ። በሁለተኛው ቀን አረፉ። ያን «ተመስገን» ተሸክሜ መኖር አልቻልኩም።

ከቀብሩ ማግስት ጉዞውን እንዲመልሱልን ለአስጎብኚዎቹ እንደገና ጻፍኩላቸው። ሰዎቹንም በየሱቃቸው እየዞርኩ ለመንኩ። ከወጡት አንዱን፣ ቲቶን፣ ዲፕስሉት ድረስ ሄጄ በሱቁ ፍርግርግ በኩል አነጋገርኩት።

«ሰው እየሞተ አንቺ ስለ ሽርሽር ታወሪያለሽ?» አለኝ።

«ለጋሼ ቃል ገብቻለሁ» አልኩት። ተነጫንጮም ቢሆን ገባ። ስምንት ሆንን፤ ቪዛም አገኘን። ኅዳር ላይ ልንበር አራት ቀን ሲቀረን፣ አዲስ የቫይረስ ዓይነት እዚህ ተገኘ ተብሎ አውሮፓ በሩን ዘጋብን።

ባለፈው ወር ተሰበሰብን። ቲቶ ተነስቶ፣ «ሁለቴ ተዘጋ። እግዚአብሔር አትሂዱ እያለን ነው፤ ይቅርብን» አለ። ብዙዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ያኔ ነው ተነስቼ፣ በስልክ የዋሸሁዎትን በሁሉም ፊት የተናገርኩት። ባለቤትዎ እትዬ ኤርጎጌ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በስብሰባ ተናግረው የማያውቁት ሴት ቆሙ።

«እኔ ይህን ጉዞ አልወደውም ነበር» አሉ። «ቤት ሲገባ ወሬው እሱ ብቻ ነበርና። ግን እግዚአብሔር ይዝጋው አየር መንገዱ ይዝጋው፣ ደግመን ሳንሞክር በምን እናውቃለን? ፊቤ፣ በእሱ ቦታ እኔን ጻፊ።»

ቲቶም፣ «እንግዲያው የእኔንም ስም እንዳትሰርዢ» አለኝ።

ትናንት ለቪዛ ፕሪቶሪያ ሄድን። እትዬ ኤርጎጌ የስደተኛ የጉዞ ሰነዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። ሠራተኛዋ ለምን እንደሚሄዱ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። ላስተረጉም አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቱ ፕሬይ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ዜን፣ ካም ሆም።»

ልጸልይ፣ ከዚያም ወደ ቤቴ ልመለስ ማለታቸው ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ሲኖሩ ጆሃንስበርግን ቤቴ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

መልሱ ገና አልመጣም፣ ጋሼ። እምቢ ካሉን እንደገና እናመለክታለን፤ ደግመው ቢዘጉትም እስኪከፈት እንጠብቃለን። ይህን የምጽፍልዎት ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ ያኔ በስልክ «ጉዞው አለ» ያልኩዎት አሁን እውነት ስለሆነ ነው።

ልጅዎ ፊቤ