ፓርኪንግ ላይ የተነሣሁት ፎቶ

ላስ ቬጋስ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውዷ ለተብርሃን፣

እንዴት ከረምሽ? ዴንቨር በረዶ ነው ሲሉ ሰማሁ። ወፍራሙን ጃኬትሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ትተሽው ስለሄድሽ በፖስታ ልኬልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉም ሥራ በዝቶበት ኦቨርታይም አለ። የእማማን ድምፅ ሰማሽ ወይ? ጦርነቱ የሽሬን ስልክ ከዘጋው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትሞክሪ አይሽ ነበር። አሁን እኔም መሞከር ጀምሬያለሁ። አይሠራም።

ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልተናገርሽኝም። ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

አብሮኝ ሆቴሉ በር ላይ ቫሌት ሆኖ የእንግዳ መኪና የሚያቆመው አሳምነው ሳምንቱን ሙሉ ሲወተውተኝ ሰነበተ። ሁሉም የፌስቡክ ፎቶውን በባንዲራ ቀይሯል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ ይለኛል። እሑድ ደግሞ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ካለው የገበያ ፕላዛ ፓርኪንግ ላይ ሰው ተሰብስቦ ለሠራዊቱ ድጋፍ ፎቶ እንደሚነሣ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ስለ ሚስትህ ይጠይቃል። መጥተህ ብትታይ ላንተም ለእሷም ይሻላል» አለኝ።

«ለእሷም» የሚለውን ያዝኩ። ላንቺ ብዬ የምሄድ መሰለኝ። አንቺን ግን «ሥራ ጠርተውኛል» ብዬሽ ወጣሁ።

ከኋላ ልቆም ነበር ያሰብኩት። አሳምነው ክንዴን ይዞ ወደ ፊት አወጣኝና የባነሩን ጫፍ አስያዘኝ። ምን እንደተጻፈበት እንኳ አላነበብኩም። ካሜራው ወደ እኔ ሲዞር ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤት ስገባ ፎቶው ስልክሽ ላይ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ራት አቀረብሽልኝ፤ አብረሽኝ ግን አልበላሽም። በሳምንቱ እህትሽ ጋ ሄድሽ።

ኢክራምን ታስታውሻታለሽ፣ ካዚኖው ውስጥ ካሸር የሆነችውን? እሷንም ጠይቀዋት ኖሯል። «የሁሉም እናት ታሳዝነኛለች፤ ፎቶ ግን አልነሣም» ብላቸው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማንም ምንም አላደረጋትም። አሳምነው ራሱ ዛሬም ምሳ አብሯት ይበላል። ይህን ካየሁ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ማለት አቅቶኛል። የፈራሁት ነገር ለካ ይህን ያህል ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ጠሩኝ። እንቢ አልኳቸው ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። አላልኩም። ሺፍት አለብኝ አልኩ። ሺፍት አልነበረኝም። መኪናዬን እንዳያዩብኝ ሌላ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ፣ መጋረጃ ዘግቼ ቤት ዋልኩ።

ተመለሽ ለማለት አፌ አልደፈረም። ፈጣሪ የምትናፍቂያቸውን ሁሉ በሕይወት ያቆይልሽ፤ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ።

ባዘዘው