የቅዱሱ ጉልበት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ የብርዱ ጊዜ ሳል ለቀቀሽ? ባልሽስ ወገቡን ተሻለው? እኔ ከንዴት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው።

የተናደድኩት በአንቺ ነው። ሰኞ ዕለት ከንቲባችን ፓስካል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰበሰበንና ከቅርስ መሥሪያ ቤታችሁ የመጣውን ወረቀት አነበበልን። የቅዱስ ጊኞሌ የድንጋይ ሐውልት «ባልታወቁ አጥፊዎች በቢላ ተፍቆ ስለተጎዳ» ሐሙስ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማው ሙዚየም ይሄዳል ይላል። ስምንት መቶ ዓመት የቆመበትን ጥግ ለቆ ማለት ነው። ማን እንደፈረመው ብጠይቀው አቀርቅሮ፣ «ልጅዎ ናት እኮ፣ ማዳም» አለኝ።

ጎረቤታችን ሲዶኒ ሳቋን ለቀቀችው። «ያልታወቁ? እኔ እስከ ቅድመ አያቴ ድረስ በስም እጠራቸዋለሁ!» አለች። ፓስካል ግራ ገባው። ወንድ አይደል፣ ከየት ይወቀው። እኛ ሴቶች ማህፀናችን እምቢ ሲለን ከቅዱሱ ጉልበት በቢላ ጥቂት ፍቀን፣ ዱቄቱን በነጭ ወይን በጥብጠን እንደምንጠጣ ለወንድ ነግረን አናውቅም። ቄሶቹማ ያውቁ ነበር፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ሲዶኒ የከንቲባውን እጅ ጎትታ አንዱ ጭረት ላይ አስቀመጠችና፣ «ይሄ የእናትህ ነው። ጠልቋል አይደል? መንታ የሆናችሁት ለዚህ ነው፤ እሷ ድሮም ልክ አታውቅም» አለችው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው አላነሳም።

ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔ የድንጋይ ጥገና አላውቅም። ግን ጉዳት ያልሽው ጉዳት አይደለም። ሙዚየም ወስዳችሁ መስታወት ውስጥ ብትዘጉበት ማን ሊለምነው ነው? እዚህ አሁንም የምትፈልገው አለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ባለፈው እሑድ ቢላዋን በመሀረብ ጠቅልላ ስትገባ አይቻት እንዳላየሁ ሆንኩ። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። እሷን ለማን ጥዬ ነው ቅዱሱን የማስጭነው?

ስለዚህ ስሚኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ሐሙስ አልከፍትም። ደጃፉ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ሹራቤን እየሠራሁ እውላለሁ። ሲዶኒም ወንበሯን ይዛ ትመጣለች። ሁለት አሮጊት አንስተው መጣል ከፈለጉ ይሞክሩት።

ከዚህ ጋር ዝርዝር ልኬልሻለሁ። የምናስታውሰውን ያህል ከየጭረቱ ጎን የእናትየዋን፣ ከእሷም ጎን የልጇን ስም ጽፈናል። መዝገቡ ውስጥ አስገቢው፤ «ያልታወቁ» የሚለውንም ሰርዢልኝ።

በግራ ጉልበቱ ሥር ስላለችው ትንሽ ጭረት ደግሞ፣ የጋጋሪው ሚስት ከመግባቷ በፊት በጻፍሽው በዚያ ወረቀት ላይ «ከሁሉም አዲሷ፣ አርባ ዓመት ገደማ፣ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ሥራ» ብለሽ ጽፈሻል። ዓይንሽ አይስትም። እውነትም እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከአባትሽ ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት አልፎን ነበር። ያን ዕለት እራት ላይ፣ ከጠርሙሴ ወይን ማን ቀነሰብኝ ብሎ ሲያጉረመርም ሾርባ ጨመርኩለት።

እግዚአብሔር ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ ልብሽንም ያራራልኝ። ቤትሽ አይጉደል። ቅዱሱም አይቀየምሽ።

በዝርዝሩ ላይ ከዚያች ጭረት ጎን የእናቲቱን ስም ጽፌያለሁ። የልጇን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን አንቺ በእጅሽ ሙዪው።

እናትሽ