የልጄን ፊት ስለማስመለስ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ግብይት አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የቢሮዎ መጋረጃ ተዘግቶ ስለማየው፣ የፒያሳ ብርድ እንዳይመታዎት መጠንቀቅዎ ደስ ያሰኘኛል። ዕድሜ ይስጥዎ፤ ልጆችዎ ይቅበሩዎ። ይህ እርግማን ሳይሆን ምርቃት መሆኑን ልጁን የቀበረ ያውቀዋል።

እኔ የሺዓለም እባላለሁ፤ እዚሁ አራዳ ተወልጄ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ልጄ ኤደን ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ትሠራ ነበር፤ አምና ገና ሊገባ ሲል ታማ፣ ሳንጠግባት ተለየችን። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ፎቶዋን አሳድጌ በመስታወት ላስገባ ፈለግሁ። የምናውቀው ፎቶ ቤት ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ስለፈረሰ፣ ጎረቤቴ ብርኽቲ ቴሌግራም ላይ ፎቶ አሳድጎ ቤት ድረስ የሚያመጣ፣ ለበዓልም ቅናሽ ያደረገ ሰው ፈልጋ አገኘችልኝ። ሰውዬው ፎቶው የሟች መሆኑን ሲሰማ «ነፍስ ይማር እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ጻፈልኝ። እኛ ዘንድ ነፍስ ይማር ያለ ሰው አይጠረጠርም፤ በሟች ነገር ዋጋ መከራከርም ነውር ነው። ስለዚህ ሳልከራከር ሙሉውን ከፈልኩ፤ ፎቶዋንም በብርኽቲ ስልክ ላክሁለት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ጠፋ።

ብሩ ይቅር ብዬ ትቼው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከዲጃ የምትባል የኬክ ቤቱ ደንበኛ ቤቴን አጠያይቃ መጣች፤ ኤደን የልጆች ልብስ ልትልክላት ብሯን ከተቀበለች በኋላ ዝም እንዳለቻት፣ ክፉ ቃል ሳታወጣ ነገረችኝ። ስልኳን ስታሳየኝ ልጄ ትስቃለች። በጥምቀት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ የተነሳችው፣ እኔ የላክሁት ፎቶ ራሱ ነው። ሄሉ የሚል ስም አውጥተውላት ቴሌግራም ላይ የበዓል ልብስ ትሸጣለች። ከዲጃ መሞቷን አልሰማችም ኖሮ፣ ፊቷን ስታይ ኤደን ንግድ ጀመረች ብላ ደስ ብሏት ነው ብሩን የላከችው። መርዶውን እኔ ነገርኳት፤ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ብሯን ረሳችው።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የመጣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ፎቶዋ ከዚያ እንዲወርድልኝ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በየተራ ላመስግን።

፩ኛ. በኮሪደሩ ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። በበዓል ሰሞን ዕቃውን ሳይረከቡ እንዳይከፍሉ፣ አድራሻውን የማያውቁትን ሻጭ እንዳያምኑ፣ ቶሎ ካልገዙ ያልቃል ቢባሉም እንዳይቸኩሉ ይመክራል። ወረፋ ስጠብቅ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። ነፍስ ይማር የሚልዎትን አይመኑ የሚል ግን አጣሁበት፤ ከግርጌ ቦታ ስላለ ቢጨመር መልካም ነው።

፪ኛ. አቤቱታ መቀበያው መስኮት ላይ ስለተቀመጠው ሠራተኛዎ ስለ ሚናስ ሥርዓት አመሰግናለሁ። የፎቶው ባለቤት በአካል ቀርባ ታመልክት አለኝ። አርፋለች ስለው አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው እማማ፣ ከእሷ ውክልና ያምጡ» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ልጄ ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። እጇን ይዤ ነበር። ማስፈረሙ አልታወሰኝም።

፫ኛ. እርስዎን ፈልጌ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ይሉኛል። የስብሰባውን ጉዳይ ብጠይቅ ስለ ባለጉዳይ እንግልት ነው ተባልኩ፤ ከልብዎ እንደያዙት ተረድቼ፣ ግድግዳውን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

እርስዎ ሲሰበሰቡ ልጄ ትሸጣለች። መልሱን ረስቶ የወጣ ደንበኛ ካለ ሽርጧን እንዳደረገች እስከ ምኒልክ አደባባይ ተከትላ የምትሰጥ ልጅ ነበረች። አሁን ሌባ ናት። የማያውቋት ሴቶች ከፎቶዋ ሥር ይረግሟታል፤ ብርኽቲ ቀስ እያለች ታነብልኛለች፤ የባሰውን እንደምትዘልልኝ ይገባኛል።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልጨምር። እኔም አንዳንዴ ክፈቺልኝ እላታለሁ። ፎቶው እዚያ በጣም ጥርት ብሏል፤ ከሥሩም «እንኳን ደህና መጡ» ይላል።

ከል ለብሳ ደጅዎን የምትጠና፣ ጉልበቷን ለደረጃዎ፣ ቀኗን ለስብሰባዎ የለገሰች፣ የማስታወቂያዎ ትጉህ አንባቢ፣

አክባሪዎ
የሺዓለም፣ የኤደን እናት
(ሄሉ የምትባል ልጅ የለችኝም)

ማስታወሻ፦ በአካል ትቅረብ የሚለው ደንብ የማይሻር ከሆነ፣ እሷ መምጣት ስለማትችል ክቡርነትዎ ቢሄዱላት። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ናት፤ መቃብሯ ላይ እስካሁን ፎቶ ስለሌለ ስሟን አንብበው ይለዩዋታል። ቀጠሮ አያስፈልግዎትም፤ በሥራ ሰዓት ከቦታዋ አትታጣም።