በአባቴ የእጅ ጽሕፈት

ከሚሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለአጎቴ፣ ለአባቴ የልብ ወዳጅ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለው ከጻፉ ወዲህ ከሐሳቤ አልተለዩም። የአዳማ ሙቀት ለአጥንት ደግ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለእርስዎም አላህ እንዲሁ ያድርግልዎ። እኛ አልሀምዱሊላህ አለን። ጨፋ ላይ ማሽላው እየታጨደ ነው፤ ዘንድሮ የቦርከና ወንዝም ያን ያህል አላስቸገረም። እኔም ደህና ነኝ፤ ያለብኝ ድካም ነው። ተኝቼ ስነሳም የማይለቀኝ ድካም ሆኗል እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም።

ፖስታውን ሲከፍቱ ጽሕፈቱን አይተው ግራ እንደሚገባዎ አውቃለሁ። ይህ የእኔ ጽሕፈት ነው። ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎችም የእኔ ነበሩ፤ እነዚያን ግን የአባቴን እጅ አስመስዬ ነው የጻፍኳቸው። ይህን እንዴት እንደምነግርዎ ሳስብ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። የሚያለዝብ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

አባቴ ካለፈው የካቲት ጀምሮ አይናገርም። አንድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ የሰው ሬዲዮ እየፈታ ሳለ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም ተከትሎት ወደቀ። ደሴ ወስደነው አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ስትሮክ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ምላሱም እንዲሁ። ሰው ይለያል፣ የምንለውን ይሰማል፤ መመለስ ግን አይችልም።

ከደሴ በተመለስን በሳምንቱ ከመናኸሪያ ተጠራሁ፤ የእርስዎ ፖስታ ነበር። እንደ ወትሮው አንድ ሚሞሪ ካርድና አራት ገጽ ደብዳቤ። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳዎ የአባቴን መልስ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ጽፈውለት ነበር። ያንን ካነበብኩ በኋላ ወድቋል ብዬ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩና የእሱን እጅ አስመስዬ መልስ ጻፍኩልዎ። ደግሞም በወር በሁለት ወር ይሻለዋል ብዬ ተስፋ ነበረኝ። ሲሻለው ራሱ ይነግርዎታል፣ ትስቁበታላችሁ ብዬ ነበር። ጽሕፈቱን ማስመሰል አልከበደኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የካሴቶቹን ስም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፣ የእሱን ፊደል አይቼ ነው መጻፍ የተማርኩት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀላል ነበር። አባቴ ስለ ሙዚቃ የሚለውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ባቲ መጠለያ ውስጥ፣ እሱ አስተርጓሚ እርስዎ ቁስል የሚያሽጉ ድሬሰር ሳላችሁ፣ የፈረንጁ ሐኪም ማታ ማታ በድንኳኑ ያሰማችሁ ስለነበረው ሙዚቃ ሲያወራን ነው ያደግነው። በዚያ ሰሞን ስንት ሰው እንደቀበራችሁ አንድ ቀን ነግሮን አያውቅም። ስለ ቼሎው ግን ይነግረናል፤ ቁጭ ብለው በጉልበታቸው መሃል ስለሚይዙት ስለዚያ ድምፀ ወፍራም ትልቅ ቫዮሊን። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ባኽ የሚባለውን የጥንት የሙዚቃ ደራሲ አንድ ሥራ ሁለት ሰዎች ለየብቻ የተጫወቱበትን ሁለት ካሴት ትቶላችሁ ሄደ። ለአባቴ የሽማግሌው ደረሰው፣ ለእርስዎ የሴትየዋ። እነሆ አርባ ዓመት ስትከራከሩበት ኖራችኋል። አባቴ ሽማግሌው ሸክም ይዞ ከጨፋ ወደ ተራራው እንደሚወጣ ሰው ነው፣ የት እንደሚያርፍ ያውቃል ይላል። ሴትየዋ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ እንዳይበተንባት የምትሮጥ ናት ይላል። በካርዱ ላይ የላኩትን፣ ሃርፕሲኮርድ የሚሉትን የጥንት ፒያኖም ቢሰማው የማንኪያ መሳቢያ ሲንኳኳ ይመስላል እንደሚል ስለማውቅ እሱንም ጨምሬ ጻፍኩልዎ።

ሁለተኛው ላይ ተቸገርኩ። አዲስ ቅጂ ላኩና፣ ይህኛው እንደ ጥንቱ በጅማት ክር የተጫወቱት ነው፣ ከሽማግሌው ጋር አስተያይተህ ንገረኝ አሉት። በቃሌ የማውቀው መልስ አልነበረም። እውነቱን ልንገርዎትና እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ሙዚቃ አዳምጬው አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ሲጮህ ስለኖረ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ የምጠግነው ሞባይል ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የተሰበረ ስክሪን እየቀየርኩ ለማስተያየት ሞከርኩ። የሽማግሌውን ካሴት ስከፍት በየመሃሉ እንደ ንፋስ ያለ ድምፅ ይገባበታል። የቴፑ ጥፋት ነው ብዬ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። በኋላ ልብ ብዬ ስሰማ ለካስ ሰውየው እየተነፈሰ ነው። ረጅሙን ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ አየር ይስባል። መፍቻዬን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንዲት ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ ስትጠራኝ ቆይታ ኖሮ ተቆጥታ ሄደች። ከዚያ የጅማቱን ከፈትኩ። ክሩ ይሻክራል፣ ግን ቅርብ ነው፤ ተጫዋቹ እዚሁ ደንበኛ በሚቀመጥበት ዱካ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ይህንኑ ጻፍኩ። እርስዎም መልሰው፣ በስተርጅና ጆሮህ ታደሰ ወይ አሉት። ምስጋናው ለእሱ ቢሆንም ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ግን ሁለታችሁንም በደልኩ። ሴትየዋን ደጋግሜ ሰማኋት። ጠዋት አባቴን አጥቤ፣ አገላብጬ፣ ሾርባ በማንኪያ አጉርሼ ሱቅ እሮጣለሁ፤ ቀትር ላይ ተመልሼ ያንኑ እደግማለሁ፤ ደግሞ ሱቅ። በዚህ መሃል ያቺን ሴት ወደድኳት። ማረፊያ የላትም፣ ግን አትሰናከልም። እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። ልጽፍልዎ ስቀመጥ የአባቴ ሐሳብ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ የራሴ ነው። ሴትየዋ ትበልጣለች ብዬ ጻፍኩና በእሱ ስም ፈረምኩበት።

መልስዎ ቶሎ ደረሰ። ከአርባ ዓመት በኋላ ተረታህልኝ ብለውታል። ብቻዎን እንደሳቁ፣ ኋላም እንዳለቀሱ፣ ጥር ላይ ጉልበትዎ ከፈቀደ መጥተው ይህንኑ ከአፉ መስማት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። አንብቤ ስጨርስ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያስደሰተዎት ቃል የእሱ አልነበረም። እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ተረታ መባሉን እንኳ አያውቅም።

ከታመመ ወዲህ ሙዚቃ አሰምተነው አናውቅም። አንድ ቀን ሞክሬ እንባው ስለወረደ እህቱ፣ አክስቴ ፋጡሜ፣ አስጠፋችኝ። ለታመመ ሰው የሚሻለው ቁርአን ነው አለችኝ፤ እኔም አልተከራከርኳትም። እሱን በማስታመም ከእኔ እኩል የደከመች እሷ ናት። የእርስዎ መልስ በመጣ በሦስተኛው ቀን ግን የዐስርን ሶላት ሰግዳ እስክትጨርስ ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኳት። 

«እሱ ያላለውን አለ ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እንግዲያው ራሱን ጠይቂው» አለችና በሩ ላይ ተቀመጠች።

በመጀመሪያ የሴትየዋን ከፈትኩለት። ጥቂት ሰማና ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ወደ ታች ይጫን ጀመር። ድምፁ በዝቶበት ነው ብዬ ቀነስኩት። ራሱን ነቀነቀ። ላጥፋው ወይ አልኩት፤ አሁንም ነቀነቀ። እጁን ይጫናል፣ ደግሞ ይጫናል፤ ግንባሩን አላበው። እሷን አጥፍቼ የሽማግሌውን ካሴት አስገባሁ። ገና ከመጀመሩ ያ ትንፋሽ ተሰማ። የአባቴ እጅ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልቅ አዳመጠ። ሲያልቅ «ሱታ» አለ።

እኔ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ናት ከበሩ የተነሳችው። «ሱታ ነው ያለው? ቀስ ነው ያለው?» አለችኝ። ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ስትጠይቀው ደገመላት። አፉ ስለተጣመመ ቃሏ ሙሉ ሆና አልወጣችም፣ ግን እሷው ናት። ከስምንት ወር በኋላ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል። አክስቴ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓሮ ወጣች፤ እኔ ካሴቱን ገልብጬ እንደገና ከፈትኩለት።

እንግዲህ አጎቴ፣ አባቴ አልተረታልዎትም። ይህን ሳልነግርዎ ብቀር ኖሮ በሕይወት ካለ ሰው አፍ ቃሉን መንጠቅ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለችው ቃል ያቺ ብቻ ናት። ውሃ ስሰጠው ሱታ፣ ሳገላብጠው ሱታ፣ ሰው ሊጠይቀው ገብቶ ሰላም ሲለው ሱታ። አክስቴ አሁን ዐስር ሰግዳ ስትጨርስ ያንን ሽማግሌ ክፈችለት ትለኛለች። እኔ አልሰማም ትላለች፤ ግን ከበሩ አትነሳም።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚበላው ቀንሷል። ሾርባውን አፉ ውስጥ ይዞ ይረሳዋል። ትናንት ሐኪም ቤታችን ድረስ መጥቶ አየው። ደሴ መልሰን እንውሰደው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መንገዱ ያደክመዋል፣ ቤቱ ይሁን አለኝ። አክስቴ ባቲ ያሉት ዘመዶቻችን እንዲመጡ ልካባቸዋለች።

ስለዚህ ከቻሉ ጥርን አይጠብቁ። መናኸሪያ ቆሜ የምቀበልዎ እኔ ነኝ፤ ቤታችንም ሩቅ አይደለም። ጉልበትዎ እምቢ ካለ ድምፅዎን ቀድተው ይላኩለት። እንደ ልማድዎ ይቆጡት፣ ተሳስተሃል ይበሉት። እሱም መልስ አያጣም።

በእኔ ቢቀየሙ አልፈርድብዎትም። ሆኖም ስለ ሴትየዋ የጻፍኩትን አላነሳውም፤ ሐሳቡ የራሴ ነው። የጅማቱም ክር ነገር እንዲሁ። ሃርፕሲኮርዱን ግን ገና እየሰማሁት ነው፤ እንደ አባቴ አልጠላሁትም።

አላህ እርስዎን ከቤትዎ አያጉድልብን፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ልጆችዎንና የልጅ ልጆችዎን በሰላም ያቆይልዎ። አክስቴ ሰላም በይልኝ፣ ዱዓ አደርግለታለሁ ብላለች።

ከእንግዲህ ፖስታው ላይ የእኔን ስም ይጻፉበት። መናኸሪያ ያሉት አዲስ ሰዎች ናቸው፤ የአባቴን ስም ጠርተው አቤት የሚል ሲያጡ እንዳይመልሱት ብዬ ነው።

የወንድምዎ ልጅ