ኮቱ ለምን እንደ ሰፋህ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነዘንዝህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? ተማሪዎችህስ አሁንም ጠመኔህን ይደብቁብሃል? እኔ... እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ እዚህ መስመር ስደርስ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ አልፍ ነበር። እጄ ከመልመዱ የተነሣ ብዕሩ ራሱ ይጽፈዋል። ዛሬ ግን ያችን ቃል ትንሽ ላቆያትና መጀመሪያ ስለ ኮቱ ላውራህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ በዚህ ኮት ውስጥ እኔና ባለቤቴ ተቃቅፈን ገበያ ልንወጣበት እንችላለን፤ ዓይንህ ደከመ ወይስ እጅህ አረጀ?» ያልኸውን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁ። አርባ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ እጅ ይታማል? ቀጥሎ ሣቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሣቅሁ። አንተ እትዬ የምትላት ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንዱን ምረጥና ጨርስ» አለችኝ። ስለ ለቅሶው በኋላ እነግርሃለሁ፤ እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

እንደምታውቀው ላንተ ኮት ስሰፋ ልክህን ጠይቄህ አላውቅም። ከጉርምስናችን ጀምሮ እኔና አንተ አንድ ልክ ነን። የአንዳችን ሱሪ ለሌላው ልክክ ሲል አባባ «እነዚህን እግዜር በአንድ ንድፍ ነው የቆረጣቸው» እያለ ሲሥቅብን ነው ያደግነው። አንተ ከራቅህ ወዲህም በየዓመቱ ሜትሩን በራሴ ደረት ላይ ጠምጥሜ፣ በራሴ ትከሻ ለክቼ፣ መስተዋት ፊት ለብሼ አይቼ እልክልሃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ኮት ልኬ አንድም ቀን ስሞታ መጥቶብኝ አያውቅም። ዘንድሮም እንደ ልማዴ ስለካ ደረቱ በአራት ጣት፣ ወገቡ በስድስት ጣት ጨምሮ አገኘሁት። ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ወንድሜ ተመችቶታል፣ ወፍሯል!» ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ከወፈርሁ አንተም ወፍረሃል ማለት ነው ብዬ፣ ቅንጣት ሳልጠራጠር መቀሱን አነሣሁ። እጄ አላረጀም ወንድሜ። የተለወጠው ገላዬ ነው፤ ስለካ እሱን ረስቼው ነበር። ምክንያቱንም ከዓመት በላይ ደብቄሃለሁና ይቅር በለኝ።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ግን አትደንግጥ፣ መጨረሻው ደስ ይላል። ያን ጊዜ ወገቤን ሲያመኝ የወንበሩ ነው ብዬህ አልነበር? ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ በከንቱ ነው ያማሁት። ያመመኝ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ሲገኝም ከእጢው ወጥቶ የዳሌ አጥንቴ ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከሥሩ ነቅሎ ማውጣት እንደማይቻል፣ ግን አስተኝቶ ማቆየት እንደሚቻል ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። በሽታው የሚቀለበው በወንድ ሆርሞን ነው፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ያንን ሆርሞን ሲያቋርጥበት ይራባል። ያልጠረጠርሁት ነገር ቢኖር፣ ያ ሆርሞን ለካ እኔም ውስጥ ብዙ ሥራ ነበረው!

መጀመሪያ የመጣው ወላፈኑ ነው። ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል ድንገት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን ያነደዋል፤ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ደግሞ ብርድ። አንድ ቀን ለሙሽራ የሚሰፋ ነጭ ሐር ላይ ላቤ ተንጠባጥቦ ባለቤቴ ግማሽ ቀን ስታስለቅቅ ዋለች። ከዚያ ወገቤ ሰፋ፤ ጡቴ አብጦ ሸሚዝ ሲነካው ያመኝ ጀመር፤ ክንዴ ሟሸሸ፤ ከሰዓት በኋላ ድካሙ ማሽኑ ላይ ይደፋኛል። እንባዬማ የሰው እንባ ሆነ። ዚፕ ሲበላሽብኝ አለቅሳለሁ። የትንሽ ልጅ ዩኒፎርም ስሰፋ የኪሱ ማነስ ብቻ አንጀቴን ይበላዋል። የመኝታውን ነገር ለታናሽ ወንድም ማውራት ነውር ቢመስልም አንተም ትልቅ ሰው ነህ፤ እሱም መብራቱ እንደ ጠፋ ቤት ሆነ። አፍሬ ጀርባዬን ሰጥቻት እተኛ ጀመር። እሷ ደግሞ «ምን አጠፋሁ?» እያለች ለብቻዋ ትብሰለሰል ነበር።

መርፌውን የምትወጋኝ ነርስ በየቀጠሮው «እንዴት ነዎት አባባ?» ትለኛለች። እኔም ላንተ እንደምጽፈው «ደህና ነኝ» እላታለሁ። በሆዴ ግን ይህ መርፌ ጉልበቴንም ወንድነቴንም ገፎ ምን ሊተውልኝ ነው እል ነበር። በመጨረሻ አንዱን ቀጠሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቀረሁ። ለባለቤቴም ተወግቼ መጣሁ ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ነርሷ ቤት ደወለች፤ ስልኩን ያነሣችው ባለቤቴ ናት። እትዬህን ታውቃታለህ፣ አትጮህም። ጫማዬን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠችና «ተነሥ» አለችኝ።

ነርሷም አልተቆጣችኝም። ወረቀት አወጣችና «ዛሬ ደህና ነኝ የሚለውን ይተዉትና አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አለች። ባለቤቴ ባለችበት፣ መሬት መሬት እያየሁ አንድ በአንድ ነገርኋት። ጉድ በል ወንድሜ! ለሁሉም አንዳንድ መላ ነበራት! ወራት ሙሉ ለብቻዬ ስነድ መላው እሷው ዘንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሐኪሙም በራስ ፈቃድ መርፌውን ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መቀለብ መሆኑን ሳያለባብስ ነገረኝ። በዚያው ቀን ተወጋሁ።

አሁን እንዴት እንደምኖር ብታይ ትሥቃለህ። ነርሷ ወላፈኑ መቼ መቼ እንደሚመጣ ይጻፉ ስላለችኝ በልክ መዝገቤ ጀርባ ላይ ጻፍሁ። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ታወቀ፤ የሚፋጅ ሻይ ስጠጣ፣ ቃሪያ ስበላ፣ ደግሞም ካውያ ሲጋል ነው። የእኔ ማሽን ደግሞ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ነው ስንት ዘመን የኖረው! ማሽኑን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፣ ሻዬን አብርጄ እጠጣለሁ፣ ትንሽ ማራገቢያም ከጎኔ አለች። የሸሚዜን ቁልፎች ነቅዬ፣ አንዴ ሲስቡት በሚላቀቅ ቁልፍ ለወጥኋቸው። ለሚያመኝ ጡቴ ደግሞ ከለስላሳ ጥጥ፣ ደረቱ ላይ ምንም ስፌት የሌለው ካናቴራ ሰፋሁ። እንደ እኔ መርፌ የሚወጋ አንድ ጓደኛ አፍርቻለሁ፤ ከሙዚቃ ጓድ ጡረታ የወጣ ነው፣ ጥሩምባ እንለዋለን። ለእሱም ሰፋሁለት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክሊኒኩ ወረፋ መሐል ሸሚዙን ገልጦ «እዩልኝ፣ የማን እጅ እንደሆነ!» ብሎ ለሁሉም አሳየ። ዛሬ ከዚያ ወረፋ እኩሉ የእኔን ካናቴራ የለበሰ ነው።

ጡንቻና አጥንት እንዳይሳሳ ክብደት አንሡ ተብለናል። ክብደት ከየት ይምጣ? የአባባን ሁለት የከሰል ካውያዎች ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኋቸው። ጠዋት ጠዋት ጥሩምባ ይመጣና በአፉ የሰልፍ ዜማ ይነፋል፤ እኔ ካውያ ወደ ላይ፣ ካውያ ወደ ታች! ለልብስ የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያዩናል፤ አንዱማ አብዳችኋል ወይ ብሎ ጠየቀን። ከዚያ እስከ ገበያው ድረስ በእግር ሄደን እንመለሳለን። የታዘዘልኝን የአጥንት ኪኒን እውጣለሁ። ወድቄ እንዳልሰበርም የጨርቅ ቁራጭ ወለሉ ላይ አይቆይም፣ ባለቤቴ ቤቱን መስተዋት አድርጋዋለች።

የእኔና የእሷንም ነገር ሐኪሙና ነርሷ ሁለታችንን አስቀምጠው አነጋገሩን። ባለቤቴ ሐኪሙ ፊት «እኔን የከፋኝ ጀርባው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም» አለች። አየህ ስንት ወር እንደ ተቃጠልሁ! አሁን ፊቴን ወደሷ አዙሬ እተኛለሁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደ አዲስ ተጋቢ እናወራለን። ወላፈኑ ሲነሣ ብርድ ልብሱን ወደሷ እገፋዋለሁ፤ በዚህ መርፌ በቤታችን የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ለቅሶው ግን አልለቀቀኝም። ሐኪሙ ካስቸገረህ እንረዳሃለን ብሎኛል። እኔ ግን ትንሽ ይቆይ አልሁት፤ ስድሳ ዓመት ያልለቀስሁት ነውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ወር የደሜ ውጤት መጣ። መጀመሪያ በመቶ ይቆጠር የነበረው የበሽታው መለኪያ ቁጥር ከአንድ በታች ወርዷል። የዳሌዬ ሕመምም ቀንሶ ደረጃ ስወጣ መቃተቴን ትቻለሁ። ሐኪሙ «አልዳንህም፣ ግን ተኝቷል፤ እኛም እንዳይነቃ እንጠብቀዋለን» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ባለቤቴ እኔን ትታ ነርሷን አቅፋ ሳመቻት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ለወሬ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ወንድም እንዳለኝ ጠየቀኝ። በሦስት ዓመት የሚያንሰኝ አለ አልሁት። ወንድሙ የታመመ ሰው ከሌላው ይበልጥ ያሠጋዋልና ሳይውል ሳያድር ይመርመር አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ልክ ነን እያልሁ ስኮራ ኖሬ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። አንተ ደግሞ ደብዳቤህ ጫፍ ላይ «ሌሊት ከመመላለሴ ብዛት ሽንት ቤቱን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ» ብለህ እንደ ቀልድ ጣል አድርገሃል። የዕድሜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው ብሎኛል። ግን አይተው ይንገሩህ፤ አንተም እንደ እኔ «ደህና ነኝ» እያልህ አትመልሳቸው። ለራሴ አሁን አልፈራም፤ ላንተ ግን እፈራለሁ። በሞቴ ብዬ እንዳልለምንህ የሞቴ ቀጠሮ ተራዝሟል፤ በሕይወቴ ይሁንብህ፣ ሂድና ተመርመር።

በሰፊው ምትክ ለሚሰፋው ሃያኛ ኮትህ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። ልክ የማሰምርበትን ሳሙና እንኳ አላስነካሁትም። የምርመራህን ውጤትና የደረትህን ልክ በአንድ ፖስታ ላክልኝ፤ አንዱ ብቻውን ከመጣ መቀሱን አላነሣም። ውጤቱ የፈለገውን ቢል አብረን እንለካዋለን።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ሜትር የምትይዝልህ እሷ ትሁን፣ ሆድህን እንዳትስብ ትቆጣጠርህ። ትልቋን ልጅህን የአጎትሽ ዓይን አልደከመም በልልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን፣ አማትህን ደግሞ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሁላችሁንም በያላችሁበት ትስማችኋለች፤ ጥሩምባም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። አሁን ያቆየኋትን ቃል ልጻፋት፤ ደህና ነኝ ወንድሜ፣ ዛሬስ እውነቴን ነው። ያን ሰፊውን ኮት ለሌላ ልብስ ሰፊ አሳይተህ እንዳታስጠብበው። እሱ የእኔ ልክ ነው፤ ተመርምረህ ስትጨርስ ይዘኸው ናልኝ።

ታላቅ ወንድምህ

ከስፌት ቤቴ፣ ወደ መስኮቱ ከዞረው ማሽን አጠገብ
ማክሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን