በመክፈቻ የሸጥኩት ምንጣፍ

ሰልቹክ፣ ቱርክ፣ ሜይ 17 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.

ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ላለችው ልጄ ለሰኒሃ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ምንጣፍ እሰቅላለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ቱሊን ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር፣ እንቢ አልኳት። ፊደሉ ከተንጋደደ ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሾርባም ራሴ እሠራለሁ። ጨው ይበዛበታል፤ እበላዋለሁ።

ቱሊንን አታውቂያትም። አስጎብኚ ናት። መርከብ በመጣ ቁጥር እንግዶቹን ከኩሻዳሲ ወደብ በአውቶቡስ ታመጣለች። መጀመሪያ የጥንቷ ኤፌሶን ፍርስራሽ ውስጥ በፀሐይ ስታዞራቸው ትቆይና ወደ እኔ ሱቅ ታመጣቸዋለች፤ ሲደርሱ ከምንጣፍ ይልቅ ወንበርና ሽንት ቤት ነው የሚፈልጉት። የፖም ሻይ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ምንጣፍ መሥሪያው ፊት ተቀምጬ ድርብ ቋጠሮ አሳያቸዋለሁ። ቱሊን ቶሎ በሉ፣ መርከቡ አይጠብቅም ትለኛለች። ፍርስራሹ ስንት ዘመን ሲጠብቃቸው ኖሮ እነሱ አንድ ቋጠሮ መጠበቅ ያቅታቸዋል ወይ እላታለሁ።

እናትሽ ሐጀር ለሠርግሽ የሠራችውን ቀዩን ምንጣፍ ታስታውሻለሽ። አንቺ ያለ ፈቃዴ ከኦርሃን ጋር ስትሄጂ፣ ካልፈለገችው ይሸጣል ብዬ በሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዋጋውን ግን ማንም እንዳይደፍረው አድርጌ ጻፍኩ። አሥራ አራት ዓመት ተሰቀለ። ሰው ሁሉ ዋጋውን አይቶ ይስቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ከዘራ የያዘች አሮጊት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ አየችው። ከዚያ ሳትከራከር ካርዷን አወጣች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልሸጥኩም ነበር፤ የዕለቱ መክፈቻ፣ የመጀመሪያዋ ገዢ፣ እሷ ሆነች። እኔ ደግሞ በሃምሳ አንድ ዓመት ንግዴ ውስጥ የመክፈቻ ገዢ መልሼ አላውቅም። አባቴም አያውቅም፤ የመጀመሪያ ገዢን መመለስ የቀኑን በረከት መመለስ ነው ይል ነበር። ጠቅልዬ፣ በገዛ እጄ አስሬ ሰጠኋት። ቱሊን ሁለቴ ዞር ብላ አየችኝ።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ባዶውን ምስማር አየሁት። ሱቁን ዘጋሁና ካሉኝ ሁሉ የሚበልጠውን የሐር ምንጣፍ ተሸክሜ በሚኒባስ ወደብ ወረድኩ። ዘበኞቹ ከበሩ አላሳለፉኝም። ቱሊንን አስጠራሁ፤ እሷ ሴትየዋን ከነምንጣፉ ይዛልኝ መጣች።

ቀዩን መልሽልኝና ሐሩን ውሰጂ አልኳት፤ የልጄ ነው አልኳት። የልጅህ ከሆነ ለምን ዋጋ ጻፍክበት ብላ በቱሊን በኩል ጠየቀችኝ።

«ለገዢ ብዬ አይደለም የጻፍኩት» አልኩ። «ልጄ እንድትሰማ ነው።»

«አባባ፣ ይሄንን እንዴት አድርጌ ልተርጉመው?» አለች ቱሊን።

«እንዳለ።»

ተረጎመችላት። ሴትየዋ ከዘራዋ ላይ ተደገፈች።

«ታዲያ ሰማች?»

ሐሩን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ምንጣፉን መለሰችልኝ፤ የከፈለችውንም ገንዘብ በማግስቱ ወደ ካርዷ መለስኩ። ሐሩን ግን አልወስድም አለች፤ ያንን ሲቋጥረው ያየሁትን፣ ትንሽ ቢሆንም፣ በእጁ ሠርቶ ይላክልኝ አለች።

እንግዲህ ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው፤ ሁሉንም ራሴ እወጣዋለሁ፣ ማንም አይግባበት። ለሴትየዋ አንድ ትንሽ ምንጣፍ፤ ጀምሬዋለሁ። ለቱሊን አንድ ቅርጫት በለስ፣ በእኔ ምክንያት አለቃዋ ተቆጥቷታል። ለኦርሃን አንድ ወንበር፤ አንቺን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ቀን ደጅ አቁሜ መልሼዋለሁ። ላንቺ ምንጣፉ። በፖስታ አልልከውም፣ ፖስታ አላምንም። ሱቁን የምከፍተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ግቢ። መክፈቻ መልሼ እንደማላውቅ ከላይ ጽፌልሻለሁ።

አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ የያዝሽውን ሁሉ ይባርክልሽ።

አባትሽ ሪፋት