ከቀለሙ ስር ያለው ቁጥር

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፤ የናዝሬት ሙቀት ትንሽ አስታገሰልሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ የሩቁን ያደበዝዘዋል እንጂ የቅርቡን ቁጥር አሁንም ያነባል። ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ ብዙ ዘመን ስለሆነ ደንግጠሽ እንዳትከፍቺው። የሞተ ሰው የለም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። በስልክ የተባለ ነገር ይካዳል። ይህን እንዳልክደው ብዬ ጻፍኩት።

ካዛንቺስን አሁን ብታዪው ሕልም ይመስልሻል። ከጋራዤ ጀርባ የነበሩት ቤቶች ተነስተው ሰማዩ እስከ መሬት ወርዷል። ጠዋት ጭጋጉና አቧራው ሲቀላቀሉ፣ በሌሉት በሮች ላይ ሰው የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ብቅ ብዬ አያለሁ፤ ማንም የለም። ለእኛም ግቢ ቀን ተቆርጧል፤ በወሩ መጨረሻ እንለቃለን። ስለዚህ የአባባ ፊያት ከሸራዋ ስር መውጣት ነበረባት።

አዎ፣ እስካሁን እኔ ዘንድ ነበረች። አርባ ዘጠኝ ዓመት አልሸጥኳትም፣ አልነዳኋትም፣ ኮፈኗንም ማንም እንዲከፍት አልፈቀድኩም።

የምታውቂውን ልንገርሽ፤ በእኔ እጅ ተጽፎ እንድታዪው ነው። በ1968 ግንቦት መካኒኩ ተስፋለም አንቺን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላከ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የአባባን ሞተር አውርዶ አድሶት ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ለአንቺ ሲል ያደረገው ነው። ጨርሶ ሲመልሰው ሞተሩን ብርማ ቀለም ቀብቶት እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደተቀመጡ እኔ ሊብሬውን ይዤ ወደ መኪናዋ ወጣሁ። ሞተሩ ላይ ጎልቶ የተነሳውን ቁጥር አነበብኩ፤ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ተመልሼ ገባሁና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ የላካችሁ ሰው ሌባ ነው፣ የአባቴን ሞተር ሸጦ ሌላ አስገብቷል አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግስቱ ተስፋለም ራሱ በራችን ድረስ መጣ። ቀለሙን ጥረገውና አንብብ አለኝ። ሌባ አያስተምረኝም አልኩት። አባባ ቁጥር አያነብም ነበር፤ ልጄ ካለ ነው ብሎ በሩን ዘጋበት። አንቺ ከጓዳው ደጃፍ ቆመሽ ነበር። እስከዚያ ቀን ወንድም ጋሼ ትዪኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ነው የምትጠሪኝ።

እኔም ትክክል መሆኔን ላስረግጥ ብዬ ሞተር ማንበብ ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ከመርካቶ የተቀዳደደ የጣሊያን የመለዋወጫ መጽሐፍ ገዝቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ገጽ በገጽ ሄድኩበት። በ1974 ኅዳር አንድ ገጽ ላይ ደረስኩ። ጎልቶ የተነሳው ቁጥር የቅርጹ ነው ይላል፤ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮ የሚወጣ ነው፣ ከዚያ ቅርጽ የተወለዱ ሞተሮች ሁሉ ይጋሩታል። ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው። እሱ በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባው ነው፤ የዚያ የአንዱ ሞተር ብቻ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ቀለም ይሞላዋል።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ሸራውን ግን አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ የስንት ሰው ሞተር አነበብኩ! በዝገትና በቅባት የተሸፈነ ቁጥር መጀመሪያ የሚታወቀው በጣት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስሰው፣ የተረሳ ሰው ስም ትዝ እንደሚል ቀስ ብሎ ይመጣል። አንዳንዴ በሕልሜ ቁጥሮቹ ከብረቱ ወርደው በመንገድ ሲሄዱ አያለሁ። ተሰልፈው ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳሉ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። አንዱም ዞሮ አያየኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጉርሜሳ የሚባል፣ ደምበል ቢሮ ያለው፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው መጣ። ወሬ ይወዳል። ጋሼ፣ የከተማውን ሞተር ሁሉ አንብበው የራስዎን ምነው እንደ ሙሽራ ሸፍነው አስቀመጡት አለኝ። አፍህን ዝጋና ሸራውን በዚያ በኩል ያዝ አልኩት። በቃ ይዣለሁ፣ ይዣለሁ፣ አይቆጡ አለና እየሳቀ ያዘ።

ኮፈኗን ከፈትኩ። ብርማው ቀለም እንዳለ ነው። ቤንዚን አልበገረውም፤ ቲነር ጨመርኩበት። የተስፋለም ቀለም ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ተልጦ ጣቴ ላይ ቀረ። ስስ ወረቀት አልብሼ እርሳሱን አጋድሜ አሸሁት። ወረቀቱ እየጠቆረ ሲሄድ ቁጥሮቹ ከመሐሉ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ፤ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ሰው። ጉርሜሳ ሊብሬውን ይዞ ጮክ ብሎ አነበበ፤ አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ስድስት። ኦሪጂናል ናት ጋሼ፣ ከተወለደች ሞተሯ አልተለወጠም ብሎ ዘለለ። ይሽጡልኝ ብሎ ለመነኝ። የእኔ አይደለችም አልኩት። ታዲያ የማን ናት ሲለኝ ሳላስበው ስምሽን ጠራሁ። አሁን ጉርሜሳ ግቢ ቆማ የአንቺን ቃል ትጠብቃለች።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ተስፋለም ጋ ሄድኩ። ኋላ ከሄደበት ከአሰብ ከተመለሰ ጀምሮ የሚኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ከእኔ ጋራዥ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በሩን ሲከፍት ወዲያው አወቀኝ። ግባ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። ቀለሙ አስቸገረህ? አለኝ። አስቸገረኝ አልኩት። ሁለት እጅ ነበር የቀባሁት አለና ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። መነጽሩን አወለቀ። ቆይቶ፣ ደህና ናት? አለኝ።

ስልክሽን ጠየቀኝ፤ አልሰጠሁትም። አትቆጪ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅሽ ስለ አንቺ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። መጀመሪያ እጠይቃታለሁ አልኩት። እሺ ብሎ እርሳሴን ተዋሰኝ።

መቼ አወቅህ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። በሰባ አራት፣ ለጥምቀት፣ ሳልነግርሽ ናዝሬት መጥቼ ከበርሽ የቆምኩበትን ቀን አስታውሺ። ምን እግር ጣለህ ስትዪኝ፣ ብርቱካን አምሮኝ ነው አልኩሽ። አንድ ከረጢት ሞልተሽ ሰጠሽኝ፤ ተሸክሜ ተመለስኩ። እኔ ብርቱካን ወድጄ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መጻፍ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ በእርሳስ ጽፌ ሦስት ጊዜ በላጲስ አጠፋሁት። የእኔን ጠባይ ታውቂዋለሽ። ነገር ግን እርሳሱን ጫን ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚህ መስመር በታች ያለውን ባዶ ቦታ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ዳስሺው።

 

ቁጥሩ ያለበትን ስስ ወረቀት አብሬ ልኬዋለሁ። ስትገለብጪው በጀርባው የተስፋለምን ጽሑፍ ታገኚያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ይህን ግን አላነበብኩትም። የአንቺ ነው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርገው፤ ደጅሽን የሚያንኳኳውም ደግ ሰው ይሁን። መልስ ብትጽፊ ደስ ይለኛል። ባትጽፊም አልፈርድብሽም። ብትጽፊ ግን ከላይ የፈለግሽውን ስም አድርጊልኝ።

ድሮ ወንድም ጋሼ ትዪው የነበረው
ወንድምሽ